ልጄ ይፈርም ወይስ ይማር?

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 11ኛ ክፍልን ይጨርሳል። ኳስ የሚጫወተው አማካይ ቦታ ላይ ነው። ሰሞኑን አንድ ደላላ ከሌላ ከተማ የከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ያለው) ክለብ የሁለት ዓመት ውል ይዞ መጥቶ «እስከ ዓርብ ካልፈረመ ቦታው ይያዛል» አለን። አባቱ በሕይወት የለም፤ ጣና ዳር አሳ እየጠበስኩ የማሳድገው እኔ ነኝ። እርስዎ ብዙ ክለብ ዞረው ተጫውተዋል ሲሉ ሰማሁ። በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላል? ቢፈርምስ ምን ልጠንቀቅ?
የልጁ እናት፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ

መልስ፦ እትዬ፣ በመጀመሪያ ዓርብን ይርሱት። አማካይ የቸገረው ክለብ ሰኞም ይቸግረዋል። እኔንም በ18 ዓመቴ እንዲሁ አጣድፈው ነው ያስፈረሙኝ። የውሉን ቅጂ እንኳ አልሰጡኝም። ሦስት ወር ደሞዝ ሳይከፈለኝ ቀረ፤ ልሂድ ስል ሌላ ክለብ የሚያስገባኝን የመልቀቂያ ወረቀት ከለከሉኝ። ግማሽ ዓመት ያለ ጨዋታ ቤቴ ተቀመጥኩ። በዚያ ዕድሜ ግማሽ ዓመት ብዙ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

እንጀራ ይበላል። 13 ዓመት ተጫውቼ በ8 ክለብ አልፌያለሁ፤ ለብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን አልተጠራሁም። ግን የእናቴን ቤት አድሼ፣ ታናሽ እህቴን ነርስነት አስተምሬበታለሁ። ችግሩ እንጀራው በየዓመቱ ክረምት ላይ መቋረጡ ነው። ውሎቼ አብዛኞቹ የአንድ ዓመት ነበሩ፤ ሐምሌና ነሐሴን ስልክ አጠገቤ አስቀምጬ ነበር የማሳልፈው። ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው፤ በጀት ሲያጥር ደሞዝ ይዘገያል። ከቤት መራቁም አለ። ባሕር ዳር ከነማ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ እኔ ሌላ ከተማ ውል ነበረብኝ። የከተማዬን ጭፈራ የሰማሁት በእናቴ ስልክ ነው።

ኅዳር 2012 ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን እዚሁ ስታዲየማችን 2 ለ 1 ስትረታ ሽመልስ በቀለ ሲያገባ ያየ የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ እንደ እሱ አማካይ መሆን ይመኛል። ይመኝ። እኔን 8 ክለብ ያስቀጠረኝ ግን ሁለተኛው ኳስ ነው። ተከላካያችን በግንባሩ የመለሰው ኳስ የሚወድቅበት ቦታ ቀድሜ እደርሳለሁ። ተመላላሻችን (የመስመር ተከላካዩ) ወደፊት ሲወጣ ጀርባውን እሸፍናለሁ። ሬዲዮ ላይ ስሜ አይጠራም ነበር፤ አሰልጣኝ ግን ያያል። ሦስቱን ክለብ ያገኘሁት አንድ አሰልጣኝ በተዛወረ ቁጥር ይዞኝ ስለሄደ ነው። ስለዚህ ደላላውን ሳይሆን አሰልጣኙን በስልክ ያግኙት፤ ልጁን ሲጫወት አይቶታል? እሱ ቦታ ላይ ስንት ተጫዋች አለው? አራት ካለው ልጅዎ ዓመቱን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይፈጃል። ያልተጫወተ ልጅን ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት የሚፈልገው የለም።

ወደ ውሉ ልምጣ። ልጁ 18 ስላልሞላው ያለ እርስዎ ፊርማ አይሆንም፤ ይህ በእጅዎ ያለ ትልቅ አቅም ነው። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች ከ3 ዓመት የበለጠ ውል አይፈቅድም። የእርስዎ የሁለት ዓመት ነው፤ ከደንቡ አይወጣም። እኔ ብሆን ግን አንድ ዓመት ብቻ እፈርም ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የፊፋ ደንብ ላይ የገባ ሌላ አንቀጽ አለ፦ ክለቡ የሁለት ወር ደሞዝ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ አሳውቆ ቢያንስ 15 ቀን ይሰጠዋል፤ ያኔም ካልከፈለ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ይህ ውሉ ውስጥ በአማርኛ ይጻፍልዎ። ደሞዙ፣ የፊርማው ገንዘብ፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው፣ መልቀቂያው መቼ እንደሚሰጥ፣ ሁሉም በቁጥርና በቀን ይቀመጥ። ለሕክምናው ነገር በተለይ አይታለፉ። እኔ ጉልበቴን ስጎዳ ወጌሻው በረዶ አድርጎልኝ ነበር፤ የምርመራውን ወጪ የከፈልኩት ግን ከኪሴ ነው። አንድ ቅጂ ሳይቀበሉ ደግሞ አይፈርሙ።

ትምህርቱን አያቋርጥ። ካምፕ ውስጥ ከልምምድ በኋላ ያለው ሰዓት ረጅም ነው፤ እኛ በካርታ ጨረስነው። ክለቡ ባለበት ከተማ የማታ ትምህርት ይመዝገብ፤ 12ኛ ክፍልን እዚያው ይጨርስ። ክለቡ ለፈተናው ፈቃድ እንደሚሰጠው ውሉ ላይ ይግባ። ይህን እንቢ ካሉ እኔ አልፈርምም።

ቅዳሜ ጠዋት ዓባይ ማዶ ሜዳ ላይ ሕፃናት አሠለጥናለሁ። ውሉን ይዘውት ይምጡ፤ ከመፈረምዎ በፊት መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን። ልጁም ጫማውን ይዞ ይምጣ፤ ሲጫወት ማየት እፈልጋለሁ።