የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ፦ ትርፍ ብር የሚወጣው የት ላይ ነው?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው። ሁሉም የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፦ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው የሚከፍለውን ሕክምናና ካሳ የሚሸፍነውን ኢንሹራንስ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ። ከስምንት ሠራተኞቼ አምስቱ ማሽን ላይ ናቸው፤ አንዷ ሒሳብ ትይዛለች፣ አንዱ ሾውሩም ውስጥ ይሸጣል፣ አንዱ ዘበኛ ነው። የኢንሹራንሱ ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ ቀንሶ አያውቅም። ኩባንያ ልቀይር?

መልስ፦ ከመቀየርዎ በፊት ኢንሹራንሱን ሲገቡ የሞሉትን ቅጽ አውጥተው ያንብቡት። ዓረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፍሉት ብር) የሚሰላው የሠራተኞችዎ የዓመት ደመወዝ ድምር ለሥራው አደገኛነት በተመደበው መቶኛ ተባዝቶ ነው። መቶኛውን የሚያወጣው ኩባንያው ነው፤ ደመወዙንና የሥራውን ዓይነት የሚጽፉት ግን እርስዎ ነዎት። ትርፍ ክፍያ በአብዛኛው የሚገባው በዚህ በእርስዎ በኩል ነው።

ብዙ ቅጾች ላይ «የሥራ ዓይነት» በሚለው ዓምድ ሥር አንድ መስመር ብቻ ተጽፎ ይገኛል፦ «የእንጨት ሥራ ሠራተኞች፣ 8»። እንዲህ ሲጻፍ ሒሳብ ያዧም መጋዝ ላይ እንደቆመ ሰው ትቆጠራለች። በቁጥር እንየው። አምስቱ የማሽን ሠራተኞች በወር 7,000፣ ሒሳብ ያዧ 6,000፣ ሻጩ 5,000፣ ዘበኛው 4,000 ብር ቢያገኙ የዓመቱ ድምር 600,000 ብር ነው። ለስሌት ያህል የማሽን ሥራ 2 በመቶ፣ የጥበቃ 1 በመቶ፣ የቢሮና የሽያጭ ሥራ ግማሽ በመቶ ነው እንበል (ትክክለኛው መቶኛ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል)። ሁሉም በ2 በመቶ ከተሰላ 12,000 ብር ይከፍላሉ። ተለያይቶ ከተሰላ ግን ለማሽኑ 8,400፣ ለቢሮና ሽያጭ 660፣ ለጥበቃ 480፣ በድምሩ 9,540 ብር ይሆናል። 2,460 ብር የሚተርፈው አንዱን መስመር ሦስት በማድረግ ብቻ ነው። ሲለዩ ግን በእውነት ይለዩ። ሻጩ ገበያ ሲቀዘቅዝ ማሽን ቤት ገብቶ ጣውላ የሚያሳልፍ ከሆነ የማሽን ሠራተኛ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የውሎ አበልን፣ የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስንና ኮሚሽንን ከደመወዝ አይቆጥርም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ከፔይሮሉ (ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ላይ «ጠቅላላ ክፍያ» የሚለውን ዓምድ ገልብጣ ከሰጠች እነዚህ ሁሉ ዓረቦን ይሰላባቸዋል። በዓመት 90,000 ብር የትርፍ ሰዓት የከፈለ ድርጅት ከላይ ባለው 2 በመቶ ሲሰላ 1,800 ብር ያለ አግባብ ይጨምራል። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፦ ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ራሱ ደመወዝን እንዴት ይተረጉመዋል? «ማንኛውም ገቢ» የሚል ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት በአዋጁ ትርጉም እንዲቀየር ይጠይቁ።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። መጀመሪያ ላይ የከፈሉት በግምት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ በትክክል የከፈሉትን ደመወዝ አሳውቀው ሒሳቡ ይስተካከላል፤ ግምቱ በዝቶ ከነበረ ትርፉ ይመለሳል፣ አንሶ ከነበረ ይጨምራሉ። ሠራተኛ ለቆ ቦታው ለአራት ወር ክፍት ቢሆንም ማንም ካላሳወቀ ብሩ እዚያው ይቀራል። ማሳወቂያው የጊዜ ገደብ ስላለው ፖሊሲው ላይ ፈልገው ያስምሩበት። የማይመለስ ዝቅተኛ ዓረቦን ተቀምጦ እንደሆነም ይዩ። ደግሞም የፖሊሲው ዓመት ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች ቀን ስለሚጻፍ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ካለው የግብር ዓመት ጋር አይገጥምም። ለግብር የተዘጋጀውን ድምር እንዳለ መስጠት የሌላ ዓመት ደመወዝ ማሳወቅ ነው፤ ፖሊሲው የሚሸፍናቸውን ወራት ብቻ ይደምሩ።

ይህን ሁሉ አስተካክለውም ክፍያው ከበዛብዎት ያኔ የተስተካከለውን ዝርዝር ይዘው ከሁለት ሦስት ኩባንያዎች ዋጋ ይጠይቁ። ፖሊሲዎን በዓመቱ አጋማሽ ላይ አያቋርጡ። በእርስዎ ፍላጎት ሲቋረጥ ተመላሹ ከቀሪዎቹ ወራት ድርሻ ሊያንስ ይችላል። እድሳት ሲደርስ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ማሾ እገዛለሁ፣ አስለቅሜ እሸጣለሁ። በወቅቱ እስከ 25 ለቃሚዎች በቀን 150 ብር ሒሳብ ይሠራሉ፤ ከዚያ ይበተናሉ። ወኪሉ 25 ሰው ብሎ የዓመት አስላልኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ወቅቱ ሦስት ወር ነው እንበል። 25 ሰው በ150 ብር፣ በወር 26 ቀን፣ ለሦስት ወር 292,500 ብር ነው። እንደ ወኪሉ ለ12 ወር ሲሰላ ግን 1,170,000 ብር ይሆናል። ዓረቦኑም አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ቅጹ ላይ ከሰው ብዛት ይልቅ የሚከፍሉት የወቅቱ ደመወዝ ድምር እንዲጻፍ ያድርጉ። ለቃሚዎቹ በየሳምንቱ ስለሚቀያየሩ በስም ዝርዝር ሳይሆን በሥራ ዓይነት እንዲሸፈኑ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ትናንት የገባችው ልጅ ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም ተብሎ ካሳ ሊከለከል ይችላል። በየቀኑ ስም፣ ቀን፣ የተከፈለው ብርና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት መዝገብ ይያዙ። ዓመቱ ሲዘጋም ሆነ አደጋ ሲደርስ ማስረጃዎ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ደመወዙን በግማሽ አሳውቅ፣ ክፍያህም በግማሽ ይቀንሳል ብለው መከሩኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል ይባላል። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ሥራ ላይ ተጎድቶ መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ አሠሪው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፍላል፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። የወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው ዓመቱን ሙሉ ካልዳነ 18,000፣ 13,500 እና 18,000፣ በድምሩ 49,500 ብር ይገባዋል። እርስዎ 3,000 ብር ብለው ካሳወቁ ኢንሹራንሱ ቢከፍል እንኳ የሚከፍለው 24,750 ብር ነው፤ ቀሪው ከኪስዎ ይወጣል፣ ሕጉ የሚያየው እውነተኛውን ደመወዝ ነውና። በጡረታ ሕግ ያልታቀፈ ሠራተኛ እስከ መጨረሻው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው ደግሞ ካሳው የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው፤ በ6,000 ብር ሒሳብ 360,000 ብር። የዚህ ግማሽ ትንሽ ድርጅት ይዘጋል። ኩባንያው ካሳ ከመክፈሉ በፊት ፔይሮልና የጡረታ መዋጮ ሰነድ ስለሚጠይቅም ነገሩ አይደበቅም። ሆን ብሎ መደበቅ ውሉን ራሱን ሊያፈርሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ወፍጮ ቤት አለኝ። አምና የአንድ ሠራተኛዬ ጋቢ በወፍጮው ቀበቶ ተያዘና ክንዱ ተሰበረ። አሁን ድኖ ሥራ ላይ ነው። ዘንድሮ ግን ክፍያው ጨመረ። የምለው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ አለ። የካሳው ፋይል ተዘግቷል ወይ ብለው ይጠይቁ። ኩባንያው አደጋው እንደደረሰ ሊከፈል ይችላል ያለውን ግምት ይመዘግባል። ሠራተኛው ድኖ የመጨረሻው የሕክምና ደረሰኝ ካልቀረበ ፋይሉ በዚያው ግምት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የእድሳት ዋጋም ከተከፈለው ይልቅ በግምቱ ሊወጣ ይችላል። ሠራተኛው ወደ ሥራ የተመለሰበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤና የሐኪም ማስረጃ ያስገቡ፤ ፋይሉ ሲዘጋ ዋጋው እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከእድሳቱ አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢደረግ ይመረጣል።

ቀበቶውን ደግሞ ዛሬውኑ ይከልሉት። የመንዝ ብርድ ጋቢ አያስወልቅም፤ ስለዚህ «ጋቢ አትልበሱ» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን አይበቃም። ከሁለቱ ፑሊዎች ጀምሮ ቀበቶውን ሙሉ የሚሸፍን የላሜራ ወይም የወንፊት ብረት መከለያ በብሎን ይታሰር፤ እጅጌው ጠበብ ያለ ወፍራም የሥራ ካፖርት ይገዛላቸው። መከለያውን ፎቶ አንስተው ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙት። ከዋጋ ክርክሩ ይልቅ የሰውየው ክንድ ይበልጣል፤ ይህ ግን ለሁለቱም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴም ዝርዝሩ ውስጥ አለን። ትክክል ነው? (ከአታዬ)

መልስ፦ ንግዱ በእርስዎ ስም ከሆነ እርስዎ አሠሪ እንጂ ሠራተኛ አይደሉም፤ ይውጡ። ባለቤትዎም የሥራ ውልና ደመወዝ ከሌላቸው እንዲሁ። ለራስዎ የሚስማማው የግል አደጋ ኢንሹራንስ ነው፤ ለብቻው ይገዛል።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ላይ ሕንፃ እያሠራሁ ነው። የብረት ሥራውን ለሌላ ተቋራጭ ሰጥቻለሁ። የእሱንም ሰዎች ላስገባ?

መልስ፦ ተቋራጩ የራሱ ኢንሹራንስ ካለው አያስገቡ፤ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ቃሉን ግን አይመኑ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የፖሊሲውን ኮፒና የከፈለበትን ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የሚያበቃበት ቀን ሥራው ከሚያልቅበት በኋላ መሆኑን ይዩ። ከሌለው ደግሞ ከውሉ ዋጋ ውስጥ የእጅ ዋጋውን ብቻ ለይተው ያሳውቁ፤ የብረቱና የሲሚንቶው ዋጋ ደመወዝ አይደለም።