ያረጀ ድልድይን ወለሉን በማቅለል ማዳን

ጥያቄ፦ ያረጀ የድልድይ ኮንክሪት ወለል በፋይበር ግላስ ይተካል ሲባል ሰማሁ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር የጭነት መኪና እንዴት ይሸከማል? ጥቅሙስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ፋይበር ግላስ የሚሠራው የመስታወት ክሮችን በሙጫ በማጣበቅ ነው። ጭነቱን በዋናነት የሚሸከሙት ክሮቹ ሲሆኑ፣ ሙጫው ክሮቹን አጣብቆ ይይዛቸዋል፤ ከእርጥበትም ይጠብቃቸዋል። ትልቁ ጥቅም የክብደት መቀነሱ ነው። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ዌልስበርግ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 የተሠራ የብረት ድልድይን እንውሰድ። ኮንክሪቱ ላይ አስፋልት እየተደራረበ፣ ብረቱም እየዛገ በመሄዱ በላዩ የሚያልፉ ተሽከርካሪዎች ክብደት ተገድቦ ነበር። በ1999 የቀድሞውን አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ በሚመዝን የፋይበር ወለል ሲተካ፣ ብረቱ የገዛ ወለሉን ለመሸከም ያውለው የነበረው አቅም ለተሽከርካሪዎች ተረፈ፤ ድልድዩንም አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት አላስፈለገም። በፋብሪካ ተሠርተው የሚመጡት ሰሌዳዎች በቀላል ክሬን ስለሚነሡ መንገዱ ለረጅም ጊዜ አይዘጋም፤ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨውም አያዝጋቸውም።

ይሁን እንጂ ለማንኛውም ድልድይ የሚመከር አይደለም። የመነሻ ዋጋው ከኮንክሪት ይበልጣል፤ ቁሱ ከብረት ይልቅ በቀላሉ ስለሚለጠጥ፣ የወለሉን ውፍረት የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ጥንካሬው ሳይሆን ጭነት ሲያርፍበት ወደ ታች የመርገብ መጠኑ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሹት የሰሌዳዎቹ መጋጠሚያዎችና የላይኛው ንጣፍ ናቸው፤ ንጣፉ ከተላቀቀ ውኃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ መርማሪዎች ወለሉን በትንሽ መዶሻ እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ የታፈነ ድምፅ የሰጠው ቦታ ከሥሩ ተላቆ ሊሆን ስለሚችል ምልክት ተደርጎበት በድጋሚ ይመረመራል።