የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማርና የወተት ዳቦ ለፋሲካ ጠዋት

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ጠዋት ቁርስ በማር፣ በወተትና በለጋ ቅቤ የተለወሰ ዳቦ ለቤተሰቤ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ባለፈው ዓመት በኦቨን ስጋግረው ገጹ ገና በ20 ደቂቃ ጠቆረ፤ ሲቆረስ ግን መሃሉ ሊጥ ነበር። ጉድለቱ ከምን ይሆን? ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ስለማሳልፍስ ሊጡን መቼ ባቦካው ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ችግሩ የኦቨኑ ሳይሆን የማሩ ጠባይ ይመስለናል። በማር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሩክቶስ የተባለው የስኳር ዓይነት ከተራው ስኳር ባነሰ ሙቀት ስለሚቀላ፣ ለሌላው ዳቦ በለመድነው 190 ወይም 200 ዲግሪ ሲጋገር ቅርፊቱ ውስጡን ቀድሞ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱን ያየ ሰውም በስሏል ብሎ ያወጣዋል። ስለዚህ ኦቨኑን 170 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ ዳቦው ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይቆይ፤ ገጹ ቀላ ማለት ሲጀምርም በፎይል ይሸፍኑት። መብሰሉን በቀለሙ አይፍረዱ። ቀጭን ስንጥር እስከ መሃሉ አስገብተው ሲያወጡት ሊጥ ካልያዘ፣ ጀርባው ሲንኳኳም ባዶ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል ማለት ነው።

ለግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ወለላ ማር፣ 75 ግራም ለጋ ቅቤ፣ አንድ እንቁላልና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃሉ። ከቅመም 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድምብላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ከሩብ ማንኪያ ያልበለጠ ቅርንፉድ ይግባበት፤ ቅርንፉድ ከዚህ ሲበዛ ከድምብላሉም ከማሩም ጣዕም ምንም አያስቀርም። በኮሰረትና በበሶብላ የተነጠረው ቅቤ ለዶሮው ይቆይ። በእኛ አስተያየት የማር ዳቦ ሽታ ከወጥ ሽታ ጋር መጋፋት የለበትም።

አንዳንድ ሰው ዳቦው ይበልጥ እንዲጣፍጥ ብሎ የማሩን መጠን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ ይህን አንመክርም። ስኳር በሊጥ ውስጥ ሲበዛ እርሾው የሚፈልገውን ውኃ ስለሚሻማው ኩፍታው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ማር የሚወድ ካለ ገበታው ላይ ቀርቦለት ዳቦውን እያጠቀሰ ይብላ። ማሩ ረግቶ ከሆነ ዕቃውን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ያሟሙት እንጂ እሳት ላይ አይጣዱት፤ ሰፈፍ ካለበትም አስቀድመው ያጥልሉት።

ወተቱን አንድ ጊዜ አፍልተው ጣት ሲነከርበት ለብ የሚል እስኪሆን ድረስ ያቀዝቅዙት። ሙቀቱ 60 ዲግሪ በደረሰ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ እርሾ ስለሚሞት፣ ሊጡ አልነሳም ተብሎ በእርሾው ከሚመካኝባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ የወተቱ ጥፋት ናቸው። የእርሾው መጠን በባሕር ጠለል አካባቢ ላሉ ሰዎች 7 ግራም ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለችው አዲስ አበባ ግን 5 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ በቂ ነው፤ በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሊጥ ፈጥኖ ይነፋል፣ ከመጠን በላይ የተነፋም ኦቨን ሲገባ ይሰምጣል። ቅቤውን መጨረሻ ላይ፣ ሊጡ በደንብ ታሽቶ መሳሳብ ከጀመረ በኋላ፣ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ዱቄት ለመጨመር ሳይቸኩሉ ለ10 ደቂቃ ያህል ቢያሹት ራሱ ይለቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ያቡኩት። ሁለት ሰዓት ያህል ኩፍ ካለ በኋላ አስተንፍሰው፣ ድቡልቡል አድርገው ቅቤ በተቀባ 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መጋገሪያ ውስጥ ያስቀምጡትና አፉን በፌስታል ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ከቅዳሴ ሲመለሱ ያውጡት፤ እናንተ በዶሮው ስትፈስኩ እርሱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ቅዝቃዜው ይለቀውና እንደገና ይነሳል። ከመጋገሩ በፊት ገጹን በወተት ይቀቡት። ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ካልበረደ ቢላዋ አያስነኩት፤ ትኩሱ ሲቆረጥ ይላቁጣል። 55 ቀን ከወተትና ከቅቤ ለራቀ ሆድ ከሻይ ጋር የሚቀርብ እንዲህ ያለ ለስላሳ ዳቦ የሚከብድ አይደለም።

በበዓል ዋዜማ መብራት መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ ከሰል ማዘጋጀቱ አይከፋም። በከሰል ወይም በምጣድ ሲጋገር ከሥሩ የሚነጠፈውን ኮባ ደርብ ያድርጉት፤ ማር ያለበት ሊጥ ከላይ ይልቅ ከታች ያርራል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። እዚህ ኮባ አይገኝም፤ ሊጡም በሙቀቱ ቶሎ ይኮመጥጥብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮባና ሙዝ በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ተክሎች ናቸው፤ በእስያ ሸቀጥ መደብሮች በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን የሙዝ ቅጠል አሟሙተው፣ አጥበውና ለስለስ እንዲል በእሳት ነበልባል ላይ አሳልፈው መጠቀም ይችላሉ። የሽታው ነገር የኮባውን ያህል ባይሆንም ይቀርበዋል። ለሊጡ መኮምጠጥ መፍትሔው ወተቱን ሳያሞቁ ቀዝቃዛውን መጨመርና ኩፍታው ገና በግማሽ ሲደርስ ሊጡን ፍሪጅ ማስገባት ነው።

ጥያቄ፦ የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ ይውላል። ይህን ዳቦ የጾም አድርጎ መጋገር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። በወተቱ ፈንታ ለብ ያለ ውኃ፣ በቅቤው ፈንታ 4 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ይግባ፤ የእንቁላሉን ቦታ 3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ይተካዋል። ወተትና ቅቤ የሌለው ዳቦ ቶሎ ስለሚደርቅ ዋዜማውን ሳይሆን ያንኑ ዕለት ጠዋት ይጋግሩት፤ የተረፈውንም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት።