ቲቢው ድኗል፤ ደሙ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። የቲቢ መድኃኒቱን 6 ወር ሳያቋርጥ ወስዶ ከጨረሰ ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ሲያስለው ደም ተፋ። አክታው ተመርምሮ ነፃ ነው ተባለ። ሲቲ ስካን ሲነሳ ግን «በግራ ሳንባው ያለ የደም ቧንቧ አብጧል» ብለው ሪፈር ጻፉልን። እሱ «ደሙ ቆሟል፣ ምን አስሮጠኝ» ይላል። እውነት ያስቸኩላል?
ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ያስቸኩላል። የደሙ መቆም አያዘናጋችሁ። እንዲህ ያለ ቧንቧ ትንሽ አድምቶ ጸጥ ይልና ሌላ ቀን ድንገት ሊፈነዳ ይችላል።

ቲቢ ሳንባ ውስጥ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል እንጂ ጉድጓዱን አይደፍንም። በጉድጓዱ ጠርዝ የሚያልፍ የደም ቧንቧ ካለ ግድግዳው እየተበላ ይሳሳል። ያለቀ ጎማ ጎኑ ላይ እባጭ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ኋላ ደሙን አግዶ የሚይዘው ስስ ጠባሳና የረጋ ደም ብቻ ይሆናል። ራስሙሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ1868 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት እብጠቱ በስሙ ይጠራል። ብዙ አያጋጥምም። በቲቢ ሰበብ ደም የሚተፋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደማው ከሌሎች ቧንቧዎች ነው። ሲቲውን ያዘዘው ሐኪም እጁ ይባረክ!

ብዙ ጊዜ ደረት መክፈት አያስፈልግም። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ቧንቧውን በጥቃቅን የብረት ጥቅልል ይደፍኑታል። ይህን የሚሠራ ባለሙያና መሣሪያ በየሆስፒታሉ ስለሌለ ነው ሪፈር የተጻፈላችሁ። ካልሆነ የተጎዳው የሳንባ ክፍል በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

እስከዚያው አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ በራሱ አይውሰድ። እንደገና ደም ከተፋ በግራ ጎኑ አስተኙትና ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በግራ የምልሽ ደሙ ወደ ጤነኛው ሳንባ እንዳይፈስ ነው። በዚህ ሕመም ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ደም አልቆበት ሳይሆን ታፍኖ ነው። መጠኑንም በቡና ሲኒ ለክታችሁ ንገሩ። «ብዙ ነው» ስትሉን ማንኪያ ይሁን ጣሳ አናውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ። አፉ ውስጥና ብልቱ ላይ እየተመላለሰ የሚወጣ ቁስል አለው? ቤሼት የሚባል በሽታም የሳንባን የደም ቧንቧ ያሳብጣል። የእሱ ሕክምና በዋናነት ስቴሮይድና የሰውነትን መከላከያ የሚያበርዱ መድኃኒቶች ናቸው። ደም ማቅጠኛ ከተሰጠው ደግሞ መድማቱ ሊብስበት ይችላል። ቁስሉ ካለበት አፍሮ እንዳይደብቅ፤ ሐኪሙ ባይጠይቀውም ይንገረው።