እማማን ይዘን የት እንሂድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀሞ ነው። እናቴ አባታችን ካረፈ ወዲህ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ከእኛ ጋር ናት። ጉልበቷን ያማታል። ከቤተ ክርስቲያንና ከቤት በቀር የምታውቀው የለም። ቀኑን ሙሉ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተዘግታ ስትውል አንጀቴን ትበላኛለች። ባለቤቴ የሚያርፈው እሁድ ብቻ ስለሆነ “ሐዋሳ ደርሰን እንመለስ” ይላል። የ11 እና የ6 ዓመት ልጆቼ ዋና ካልሆነ ሌላ አያሰኛቸውም። እናቴ ደግሞ የእሁድ ቅዳሴ አይቀርባትም። መኪና የለንም። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሐዋሳን ተዉት። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ሲሆን ቀኑ መኪና ውስጥ አለቀ ማለት ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ደግሞ እግር አጥፎ ብዙ መቀመጥ ትልቅ ሥቃይ ነው። በሹፍርና ዘመኔ ብዙ ቤተሰብ አመላልሻለሁ። ሰው ደስ ብሎት ወጥቶ ተኮራርፎ ሲመለስ ያየሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ሲረዝምና ቦታው ሲበዛ ነው።

ቢሾፍቱን ብዙ ሰው ይመክርሻል። እውነት ነው፣ ቅርብ ነው፤ ሐይቁም ዋናውም አለ። ጉዞው ለልጆቹ ብቻ ቢሆን እኔም እሱን እመርጥ ነበር። አንቺ የጠየቅሽኝ ግን ስለ እናትሽ ነው። ስለዚህ ከጀሞ ለሚነሣ ሰው በጣም የሚቀርበውን መውጫ ልንገርሽ፤ በዓለም ገና በኩል ያለው የቡታጅራ መንገድ ነው። እዚያ መስመር ላይ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጥሬ አሉላችሁ። ለአንድ እሁድ ሁለቱ ይበቃሉ።

እናትሽን ቅዳሴውን አታስቀሪያቸው። ካላስቀደሱ ቀኑን ሙሉ ሐሳባቸው እዚያው ይቀራል። አስቀድሰው ይምጡ፣ ቁርስ ይቅመሱ፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። መጀመሪያ አዳዲ ሂዱ። ዋናውን መንገድ ይዛችሁ መልካ ቁንጥሬን ትንሽ እልፍ ስትሉ በስተቀኝ የሚገነጠል መንገድ አለ። አዳዲ ማርያም ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በአፈ ታሪክ የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ናት ይባላል። ላሊበላን ሳያዩ መሞት የማይፈልጉ፣ ግን አቅሙም ጉልበቱም ያልፈቀደላቸው ብዙ እናቶች አሉ። እናትሽ ከእነሱ አንዷ ከሆኑ ይህቺን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አንቺው ታያለሽ።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ እወቂ። ቤተ ክርስቲያኗ ከመሬት በታች ናት፤ ወደ እሷ የሚወስደው ቁልቁለት ነው። መውረዱ ካስቸገራቸው አታስጨንቂያቸው። ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ስለሆነ ከአፋፉ ሆኖ ቁልቁል ማየትና መሳለም ይቻላል። ትንሽ በርጩማ ከቤት ያዙ። እናትሽ ከላይ ተቀምጠው ጸሎታቸውን ያድርሱ፤ አባትየው ልጆቹን ይዞ ይውረድ። የልጆቹ ካልሲ ንጹሕ ይሁን፤ ጫማ ይወልቃል።

ለምሳ ወደ መልካ ቁንጥሬ ተመለሱ። አዋሽ ዳር ያለ የቅድመ ታሪክ ቦታ ነው። በ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ከሚባል ቦታ ጋር ሆኖ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግቢው ውስጥ በጎጆ መልክ የተሠራ ሙዚየም አለ። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚህ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የጠረቧቸውን ድንጋዮች ታያላችሁ። ለ11 ዓመቱ ልጅሽ ከባልጩት የተጠረቡትን አሳዪው። ጥቁር ናቸው፤ ጠርዛቸው እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ያብለጨልጫል። “በዚህ ነበር ሥጋ የሚቆርጡት” በይው። ከዚያ በኋላ ስለ ዋና የሚያነሣብሽ አይመስለኝም። ትንሹን ግን ከወንዙ ዳር እጁን እንዳትለቁት።

ባለቤትሽ “እዚህ ከደረስንማ ቲያንም እንየው” ማለቱ አይቀርም። ቲያ እዚያው መስመር ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥሎ ነው። ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮቹ ከ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው፤ ሊታዩም ይገባል። ሜዳ ላይ ስለሆኑ ለእናትሽም አያስቸግሩም። ግን ለሌላ እሁድ ይቆዩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ፊታችሁን ወደ ቤት አዙሩ። እሁድ አመሻሽ ላይ የወጣው ሁሉ ስለሚመለስ ዓለም ገና ላይ ይጨናነቃል።

አሁን ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይህንን ማንም አይነግርሽም። እናቶች መንገድ ሲወጡ ውኃ አይጠጡም። ሽንት ቤት እንዳያስቸግራቸው፣ ሹፌሩንም “አቁምልኝ” እንዳይሉ ያፍራሉ። ጠምቷቸው፣ ራሳቸውን እያመማቸው “ደኅና ነኝ ልጄ” ይላሉ። ስለዚህ እሳቸው ሳይጠይቁ አንቺ አስቁሚ። ንጹሕ ሽንት ቤት ያለው ቡና ቤት ስታዪ “ቡና አማረኝ” በይና ውረዱ። የፊት ወንበር የእሳቸው ይሁን፤ እግራቸውን ዘርጋ ያደርጉበታል። ባለቤትሽ ከኋላ ይቀመጥ።

ምግብ ከቤት ያዙ። ቋንጣ ፍርፍር መንገድ ይችላል። ዳቦውን እናትሽ ይጋግሩት፤ የሚያዘጋጁት ነገር ሲኖር ጉዞው የራሳቸው ይሆናል። ቡናውን በፔርሙስ ያዙ። ትንሹን መኪና የሚያጥወለውለው ከሆነ ሎሚ ይሽተት፤ ስልክ ግን አትስጪው፤ ያብስበታል።

መኪናውን በተመለከተ፣ ለአምስት ሰው ኮንትራት መያዝ ይሻላል። የሚቀርባችሁ ሌላ ቤተሰብ ካለ ሚኒባስ ይዛችሁ ሒሳቡን ለሁለት ተካፈሉት። ከሹፌሩ ጋር ሳትነሡ ተነጋገሩ፦ ነዳጅ በማን ነው? አዳዲ ድረስ መግባቱ ዋጋው ውስጥ አለ? ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? ሲመሽ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ ጠዋት ካልተጠየቀ ጥያቄ ነው የሚመጣው። ምሳ ስትበሉ ደግሞ ሹፌሩን ጥሩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነው የምኖረው። ለገና ከልጆቼ ጋር እመጣለሁ። 14 እና 16 ዓመታቸው ነው፤ እዚህ ነው የተወለዱት። አባቴ “የልጅ ልጆቼን ይዤ ደብረ ሊባኖስ ልሳለም” ይለኛል። ልጆቹ ገዳም ይሰለቻቸዋል ብዬ ፈራሁ። ሪዞርት ብወስዳቸው ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህን ስማ። መዋኛ አሜሪካም አለ።

ደብረ ሊባኖስ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ፈልገህ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቅ። “ዛሬ ይቅር” ካለህ ይቅር፤ አትከራከረው።

መንገዱ ሰላም ከሆነ በሱሉልታ በኩል ወጥታችሁ ሜዳውን ትጨርሱና ድንገት ገደሉ አፉን ከፍቶ ታገኙታላችሁ። እዚያ አካባቢ ጭላዳ የሚባለው ዝንጀሮ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የትም አይገኝም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ቁጭ ብሎ ሣር እየነጨ ይበላል። ልጆቹ ምግብ እንዳይሰጡት ንገራቸው። የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለውም ቅርብ ነው፤ በእግር ይሂዱበት።

ገዳሙን አባታችን ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን መሠረቱት። የዛሬውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ባለቀለም የመስታወት መስኮቶቹ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ናቸው። ለልጆችህ ግን ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት የግንቦት 1929 ዓ.ም. ታሪክ ነው። የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ “መነኮሳቱ አሉበት” ብለው የገዳሙን አባቶችና ለበዓል የመጡትን ምዕመናን ጨፈጨፏቸው። ይህንን አባትህ ይንገሯቸው። አንተ ወደ እንግሊዝኛ መልስላቸው እንጂ አታሳጥርባቸው። የ16 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው አይሰለቸውም።

ገና ሳይደርስ ከሄዳችሁ ጾመ ነቢያት ነው። ልጆቹ ባይጾሙም እዚያ የሚበሉት የጾም ይሁን፤ አባትህ እንዳይሸማቀቁ። ታኅሣሥ 24 የጻድቁ ልደት ስለሆነ ሕዝቡ ብዙ ነው። ሰልፉና ግፊያው ለአባትህ ከከበደ ሌላ ቀን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ከተጋባን ገና ወራችን ነው። ወንጪን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክራችሁም። በአምቦ ሂዱ በወሊሶ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ነው። ሐይቁ ዳር ለመድረስ ደግሞ ቁልቁል መውረድ፣ ኋላም ያንኑ መውጣት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ተነሥታችሁ ወሊሶ እደሩ። እሁድ በጠዋት ወንጪ ትሆናላችሁ። ከላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ። ለመውጫው የአካባቢው ልጆች ፈረስ ያከራያሉ፤ ዋጋውን ሳትወጡበት ተስማሙ። እንኳን ደስ ያላችሁ።