ግስ ምንድን ነው ስላቸው ይመልሳሉ፤ ግሱን አውጡ ስላቸው ይጠፋቸዋል

ጥያቄ፦ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሰልጣኝ ነኝ። ለተግባር ልምምድ 4ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። 60 ተማሪዎች አሉኝ። የስምንና የግስን ትርጉም ሸምድደው ይሉልኛል፤ ከዓረፍተ ነገር ውስጥ ለይታችሁ አውጡ ስላቸው ግን ይደናገራሉ። ለሙያው አልሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከጻፍሽልን የሚታየው የቅደም ተከተል ችግር ነው፤ እሱ ይስተካከላል።

«ግስ ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው» ብለሽ ከጀመርሽ፣ ልጁ «ልጁ ሩጫ ጀመረ» የሚለውን ሲያይ «ሩጫ» ግስ ነው ቢል አይፈረድበትም። ሩጫ ድርጊት ነዋ! ትርጉሙን በታማኝነት ተጠቅሞ ነው የተሳሳተው። ስለዚህ ከትርጉሙ በፊት ልጁ ራሱ የሚሞክረው መፈተኛ ስጪው፦ ቃሉን በ«አል» ጀምሮ በ«ም» ይጨርሰው። ጀመረ፣ አልጀመረም። በላች፣ አልበላችም። «አልሩጫም» ሲል ክፍሉ ይስቃል፤ ሩጫ ግስ አለመሆኑም ያኔ ይገባዋል።

መፈተኛው የሚሰናከልባቸውን ቦታዎች አስቀድመሽ እወቂያቸው። «ይሮጣል» ሲሆን «አይሮጥም» ስለሚል በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኃላፊ ጊዜ ግሶች ብቻ ሥሪ። «ነው» «አይደለም»፣ መኖርን የሚያሳየው «አለ» ደግሞ «የለም» ስለሚሆኑ ለጊዜው ከምሳሌዎችሽ ይውጡ። ቅጽልንም ከስም ጋር በአንድ ቀን አታምጪ። ወንበር ወንበሮች እንደሚባለው ሁሉ ትልቅም ትልልቆች ስለሚባል፣ በብዙ ቁጥር መለየት አይቻልም። ቅጽል ሲደርስ «በጣም» ይሻላል፦ በጣም ትልቅ ያስኬዳል፣ በጣም ወንበር አያስኬድም። «በጣም ሮጠ» ስለሚባል ግን መጀመሪያ ግሱ በ«አል…ም» ተለይቶ ይውጣ።

60 ልጅ መኖሩ ለዚህ ትምህርት እንዲያውም ይመቻል። ከአሮጌ ካርቶን 60 ቁራጭ ቁረጪ፤ 20 ባለ ሦስት ቃል ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል፦ «ጫልቱ ዳቦ ገዛች»፣ «ውሻው አጥንት በላ»። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ካሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቃል ይደርሳቸዋል። ቃላቱን ሳታዘበራርቂ ግን አትስጪ። በአማርኛ ግሱ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ ልጆቹ ምንም ሳይገባቸው የመጨረሻውን ቃል እያሰመሩ ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። ይህን ነባር መምህር እንኳ ልብ ላይለው ይችላል።

የ40 ደቂቃውን ክፍፍል እንዲህ ሞክሪ፦ 5 ደቂቃ ልጆቹ ራሳቸው የሚናገሯቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ 10 ደቂቃ መፈተኛውን አብሮ መሞከር፣ 10 ደቂቃ ካርቶኑ፣ 10 ደቂቃ እያንዳንዱ በደብተሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ። ትርጉሙ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ይምጣ። ፈተና ላይ ስለሚጠየቅ ጨርሶ መተው አይቻልም።

60 ደብተር በአንድ ቀን አርማለሁ አትበይ። በቀን 12 ከሰበሰብሽ በአምስት የትምህርት ቀናት ሁሉም ይዳረሳል። ስታርሚ ስህተቱን በዓይነት ቁጠሪ፦ ስንቱ ስምን ግስ አለ? ስንቱ ባለቤቱንና ግሱን አላስማማም («ልጆቹ መጣ» ዓይነት)? የነገው እቅድሽ ከዚህ ይነሳል።

መካሪ መምህርሽን «ትምህርቴ እንዴት ነበር?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ከሚል ያለፈ አታገኚም። እቅዱን ከአንድ ቀን በፊት አሳዪና አንድ ነገር ብቻ እንዲያዩልሽ ለምኚ፤ ለምሳሌ ከኋላ ወንበር ስንት ልጅ እጁን እንዳወጣ።

የመጀመሪያውንና የተስተካከለውን እቅድ፣ የስህተት ቆጠራውንም ጭምር በልምምድ ማህደርሽ አስቀምጪ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሲቀጥሩ አመልካቹ የሙከራ ትምህርት እንዲሰጥ ያደርጋሉ፤ ከዚያም «ተማሪ ባይገባው ምን ታደርጊያለሽ?» ይላሉ። ያኔ ማህደሩን ከፍተሽ ምን እንደቀየርሽና ስህተቱ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ ታሳያቸዋለሽ።