ቆሞ የቀረ መኪና ባለቤት የለውም ያለው ማነው?

ጥያቄ፦ በራችን ፊት ለፊት መንገድ ዳር አንድ መኪና ቆሞ ከቀረ ወራት አልፈዋል። ጎማዎቹ ተንፍሰዋል፣ መስታወቱ ተሰብሯል፣ ከሥሩ ዘይት ይንጠባጠባል። ልጆች ውስጡ ገብተው ይጫወታሉ። የሰፈሩ ወጣቶች «ፈታተን ለቁርጥራጭ ብረት እንሽጠውና እንገላገል» እያሉ ነው። ችግር ያመጣብን ይሆን?

መልስ፦ ያመጣባችኋል። እባካችሁ እንዳትነኩት! የተጣለ ይምሰል እንጂ ባለቤት አለው፤ ታርጋው ቢፈታ እንኳ በሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም በመኪናው አካል ላይ በተቀረጸው መለያ ቁጥር፣ ይገኛል። ባለቤቱ ታሞ ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ መኪናው የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። የተሰረቀ ከሆነማ መጀመሪያ የምትጠየቁት ፈታታችሁ የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ብዙም አይራራቅም። ጥቆማ ለአካባቢው አስተዳደር ሲደርስ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል፣ መኪናው ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፣ ባለቤቱም በመዝገብ ባለው አድራሻ ይነገረዋል፤ የተሰጠው ቀን ካለፈ ተጎትቶ ይነሳና የመጎተቻውም የማቆያውም ሂሳብ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ካልመጣ ይሸጣል ወይም ይቆራረጣል። በብዙ የካሊፎርኒያ ከተሞች መንገድ ላይ 72 ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የቆመ መኪና ሊነሳ ይችላል። ሌላ ቦታ ቀኑ ይረዝማል። እናንተ ጋ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ።

ጥቆማውን በጽሑፍ አድርጉት። ፎቶ፣ የታርጋ ቁጥር፣ ትክክለኛው ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ፤ ቅጂውንም ያዙ። «ዘይት ይፈሳል፣ ልጆች ይገቡበታል» የሚለውን ከላይ ጻፉት፣ ምክንያቱም አደጋ ያለበት መኪና ብዙ ጊዜ ቶሎ ይነሳል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ የልጆቹ ነገር ነው። በር ተዘግቶባቸው ፀሐይ ላይ ቢቀሩ ውስጡ በደቂቃዎች እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ የኋላ ዕቃ መጫኛው ከተዘጋባቸውማ ማንም ላይሰማቸው ይችላል። የራዲያተሩ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ደግሞ ይጣፍጣል፤ ውስጡ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ግን ኩላሊት የሚያበላሽ መርዝ ነው። ባትሪው እርሳስና አሲድ አለው። ጎማው ውስጥ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃም የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊ ትንኝ ይራባበታል። ቢሮ እስኪከፈት አትጠብቁ፣ ልጆቹን ዛሬውኑ አርቋቸው።

ጥያቄ፦ የማይሠራ መኪናዬን በገዛ ግቢዬ ባቆም ማን ያገባዋል?

መልስ፦ የአካባቢው አስተዳደር ሊያገባው ይችላል። ብዙ ደንቦች ከመንገድ የሚታይ፣ ምዝገባው ያለፈና የማይንቀሳቀስ መኪና ግቢ ውስጥም ቢሆን እንዲነሳ ያዛሉ፤ በተዘጋ የቤት ጋራዥ ውስጥ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ አይነኩም። ልትጠግነው ካሰብክ እዚያ አስገባው። ካልሆነ ፈቃድ ላለው መኪና አፍራሽ ስጠውና ማስረጃ ተቀበል። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መኪናው መፍረሱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ሳይቀርብ ምዝገባው እንዳይሰረዝ ደንግጓል። አንተም ወረቀቱን ይዘህ ሂድና ምዝገባውን አሰርዝ፤ ካልሰረዝክ መኪናው ከሄደም በኋላ ግብሩና ቅጣቱ በስምህ ሊቆጠር ይችላል።